የሜሪ ቱዶርን ዘመን በሦስት ክፍለ ጊዜ ማስተማር፦ ለሰሜን ሸዋ የታሪክ መምህራን

ከሮም ተለይታ የነበረችውን እንግሊዝ ወደ ካቶሊክነት የመለሰችውና ፕሮቴስታንቶች በእሳት የተቃጠሉባት ንግሥት ሜሪ ቱዶር የገዛችው ከ1553 እስከ 1558 እ.ኤ.አ.፣ አምስት ዓመት ከአራት ወር ብቻ ነው። ግን የታሪክ መምህር ከሚፈተንባቸው ርዕሶች አንዱ ይኸው ነው። ክፍሉ ውስጥ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ትምህርቱ «ማን ማንን አቃጠለ» ላይ ከወደቀ ቀሪው ሰዓት የተማሪዎች ክርክር ይሆናል። እኛ የምንመክረው በመሬትና በሕግ በኩል መግባትን ነው። የመንዝና የተጉለት ልጅ ርስት ምን እንደሆነ፣ ሰው ለድንበሩ ምን ያህል እንደሚጨክን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ለእያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ የሚወስዱ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች፣ አራት ሜትር ሲባጎ፣ ሦስት ዓይነት ቀለም ያለው የበግ ጠጉር ፈትል፣ ሁለት ምስማር፣ አንድ አንድ ጣሳ ባቄላና አተር ይበቃል።

ቃላቱን አስቀድሞ መምረጥ

ሪፎርሜሽንን፣ ማለትም ፕሮቴስታንቶች ከሮም ቤተ ክርስቲያን የተለዩበትን እንቅስቃሴ፣ «ተሐድሶ» ብላችሁ አትተርጉሙ። የመዝገበ ቃላት ፍቺው ትክክል ቢሆንም በእኛ አካባቢ ቃሉ የዛሬ ጠብ ያለበት ነው፤ አንዴ ከአፋችሁ ከወጣ ተማሪው ስለ 16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ሳይሆን ስለ ሰፈሩ ደብር ማሰብ ይጀምራል። «ሪፎርሜሽን» በሉት። «ጴንጤ»ም አይሆንም፤ የያኔዎቹ ፕሮቴስታንቶች ዛሬ በስሙ ከሚጠሩት ጋር አንድ አይደሉም። «መናፍቅ» የሚለውን የክስ ስም አድርጋችሁ ብቻ ተጠቀሙበት፤ «በመናፍቅነት ተከሰው» እንጂ «መናፍቃኑ» አትበሉ።

ስሞችም ያደናግራሉ። የእኛዋ ሜሪ ቱዶር በ1516 የተወለደች፣ ከንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ልጆች በሕይወት አድጋ የመጀመሪያዋ፣ የአራጎኗ ካትሪን ልጅ ናት። በፌብሩዋሪ 1587 አንገቷ የተቆረጠው የስኮትላንዷ ሜሪ ስቱዋርት ናት። ፈተና ላይ ሁለቱ በየዓመቱ ይቀላቀላሉ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ቱዶር» እና «ስቱዋርት» የሚለውን ሳትጠሩ ስሙን አትጥሩ።

የቀን ስሌት

እዚህ ያለው ዓመት፣ ካልተነገረ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ስልክ ላይ ያለውን መለወጫ አትመኑት። እንግሊዝ ያኔ የምትቆጥረው በጁልያን ነበር፤ በጁልያን ደግሞ መስከረም 1 የሚውለው ኦገስት 29 ነው፣ በየአራት ዓመቱ አንዴ ኦገስት 30። ሜሪ የሞተችው ኖቬምበር 17 ቀን 1558 ነው። በዛሬው ልማድ ስትመልሱት ኅዳር 8 ይወጣል፤ ትክክለኛው ግን ኅዳር 21 ቀን 1551 ዓ.ም. ነው። ኅዳር ጽዮን! «ማርያም» የተባለች ንግሥት በጽዮን ማርያም ዕለት መሞቷን የሰማ የሰሜን ሸዋ ተማሪ ቀኑን ዕድሜ ልኩን አይስተውም።

ሌላም ወጥመድ አለ። በእንግሊዝ የሕግ ሰነድ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ላይ ነበር። በመናፍቅነት የተከሰሰው ፕሮቴስታንቱ ጆን ሮጀርስ የተቃጠለው እኛ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1555 በምንለው ዕለት ነው፤ የዘመኑ ጸሐፊ ግን 1554 ብሎ ይጽፈዋል። ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓመት ሲለያዩ ስሕተት ነው ብላችሁ አትሰርዙ፤ መጀመሪያ ወሩን ተመልከቱ።

አንደኛ ክፍለ ጊዜ፦ ሲባጎው

አንድን ዓመት 5 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ከ1529 መባቻ እስከ ማርች 1603 ብትለኩ 3 ሜትር ከ71 ይሆናል፤ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ይገባል። ሄንሪ ከነገሠበት ከ1509 ልጀምር ያለ ግድግዳው ያልቅበታል። ቃጫ ከሆነ ሲወጠር ስለሚረዝም መጀመሪያ በሁለቱ ምስማር ወጥሩት፣ ከዚያ ለኩ፣ ከዚያ ፈትሉን ጠምጥሙ። ወረቀት መለጠፍ አይበጅም፤ መስኮቱ የተሰበረ ክፍል ከሆነ የደብረ ብርሃን ንፋስ እስከ ዕረፍት ሰዓት አያቆየውም።

ፈትሉ ሳይነከር በተፈጥሮ ቀለሙ ይሁን፦ ነጭ ለሮም፣ ጥቁር ለፕሮቴስታንት፣ ቡኒ ለመሐል ቤት። ከ1529 እስከ 1534 ነጭ 25 ሳንቲ ሜትር። በ1534 ሄንሪ በፓርላማ ሕግ የቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ ሆነ፤ ፓፓው ወጣ፣ የላቲን ቅዳሴው ግን ቀረ፤ ስለዚህ እስከ ጃኑዋሪ 1547 ቡኒ 65። ልጁ ኤድዋርድ 6ኛ ቅዳሴውን በእንግሊዝኛ የጸሎት መጽሐፍ ተካው፣ ሥዕሉንም አወረደ፤ እስከ ጁላይ 1553 ጥቁር 32 ተኩል።

ሜሪ ጋ ሲደረስ ብዙ መምህር ነጩን በአንዴ ይጠመጥማል። አይደለም። ጁላይ 10 ቀን 1553 ፕሮቴስታንቷ ዘመዷ ሌዲ ጄን ግሬይ ንግሥት ናት ተብሎ ታወጀ፤ ሜሪ ፍራምሊንግሃም ምሽግ ላይ ሰው ሰበሰበች፣ ጁላይ 19 ለንደን ወደ እርሷ ዞረች። የኤድዋርድን ሕጎች በዚያው ዓመት ሻረች፤ ከሮም ጋር ግን የታረቀችው ኖቬምበር 30 ቀን 1554 የፓፓው መልእክተኛ ካርዲናል ሬጂናልድ ፖል ለፓርላማው የኃጢአት ይቅርታ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቡኒ 7፣ ከዚያ ነጭ 20። ተተኪዋና እኅቷ ለሆነችው ለፕሮቴስታንቷ ኤልሳቤጥ፣ እስከሞተችበት እስከ ማርች 1603፣ ጥቁር 222 ይቀራል።

ተማሪዎቹ ሲባጎውን አይተው «ያቺ ነጭ ብጣሽ ምን አላት» ይላሉ። እዚህ ላይ አስቁሟቸው። በ1555 የነበረ ሰው ንግሥቲቱ በ42 ዓመቷ፣ ልጅ ሳትወልድ እንደምትሞት አያውቅም። የስፔኑን ፊሊፕ ጁላይ 25 ቀን 1554 ዊንቸስተር ላይ አግብታ፣ ያልነበረ እርግዝና ሲጠበቅ የነበረበት ጊዜ ነው። ሲባጎው መጨረሻውን አስቀድሞ ስለሚያሳይ ያታልላል።

ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፦ ጥያቄዎቹና ድምፁ

በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሰሌዳው ላይ እነዚህን ጻፉ፦ ካህን ያገባል? ቅዳሴው ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ይሁን? ምእመን ሥጋውንም ደሙንም ይቀበላል? ኅብስቱ አማናዊ ሥጋ ይሆናል? ገዳምና ሥዕል ይኑር? ከሮም የሚያዝ ይኑር? ተማሪው በአያቱ ደብር እንዴት እንደሆነ ይመልስ፤ ከዚያ ከሜሪ ጳጳሳትና ከፕሮቴስታንቶቹ መልስ ጋር አስተያዩት።

ውጤቱ ሁልጊዜ ያስገርማል። በአማናዊ ሥጋ፣ በገዳምና በሥዕል የእኛ ደብር ከሜሪ ጋር ነው፤ ግእዙም ወደ ላቲኑ ይጠጋል። ያገባ ቄስ፣ ለምእመን የሚሰጥ ጽዋና ለሮም አለመታዘዝ ግን ከፕሮቴስታንቶቹ ጎን ያቆመዋል። ሜሪ ያገቡ ቀሳውስትን ከደብራቸው አስነሥታለች፤ ይህን ሲሰማ የቄስ ልጅ የሆነ ተማሪ ፊቱ ይለወጣል። አንዱም ወገን ሙሉ በሙሉ «የኛ» አለመሆኑ እዚህ ሰሌዳ ላይ ካልታየ በሦስተኛው ቀን ክፍሉ ሁለት ቦታ ይከፈላል።

ቀሪው 25 ደቂቃ የፓርላማው ነው። ሄንሪ ከ1536 እስከ 1540 ባለው ጊዜ ወደ 800 የሚጠጉ ገዳማትንና መሰል ቤቶችን ዘግቶ መሬታቸውን ወስዷል፤ አብዛኛውም ለባላባቱ ተሸጧል። በእኛ አነጋገር የሰሞን (የቤተ ክርስቲያን) መሬት ርስት ሆነ ማለት ነው። 40 ተማሪ ምረጡ፤ ለ25ቱ «ከገዳም የተገዛ 10 ጋሻ» የሚል ወረቀት ስጧቸው፤ ጋሻ የሸዋ መለኪያ እንጂ የእንግሊዝ አለመሆኑን መናገር አይረሳ።

ሁለት ጊዜ ድምፅ ይሰጣል፤ ባቄላ እሺ፣ አተር እንቢ፣ በጭብጥ ተይዞ ኮፍያ ውስጥ ይገባል። አንደኛው ጥያቄ፦ ወደ ሮም እንመለስ፣ መሬቱም ለገዳማቱ ይመለስ። ሁለተኛው፦ ወደ ሮም እንመለስ፣ መሬቱ ግን በያዘው እጅ ይጽና። የመጀመሪያው ይወድቃል፣ ሁለተኛው ያልፋል፤ በ1554 መጨረሻና በጃኑዋሪ 1555 የተደረገውም ይኸው ነው። ፖል መሬቱን ለባለ ይዞታዎቹ ሳይለቅ እርቁ አልጸደቀም፤ የመናፍቃን ሕግም የተመለሰው በዚያው ፓርላማ ነው። ጌቶቹ ማሳቸውን አድነው የሸማኔውን ሕይወት ለሕጉ ሰጡ ብትሉ ብዙ አልተሳሳታችሁም።

ጨዋታው የሚበላሸው መሬት የያዘው ተማሪ «ለእግዚአብሔር ነው፣ ይመለስ» ሲል ነው። የሚያጣው ነገር ስለሌለ ነው እንጂ መንፈሳዊ ስለሆነ አይደለም። ወረቀቱን የያዘ ሁለት የጨዋታ ነጥብ እንዳለው፣ ካስረከበ እንደሚያጣው አስቀድማችሁ ንገሩ። ችሎትንና ቃጠሎን ግን በጨዋታ መልክ በፍጹም አታሠሩ።

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፦ አንድ ሰው፣ ከዚያ ቁጥር

ከቁጥር አትጀምሩ፤ በክራንመር ጀምሩ። ቶማስ ክራንመር የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ የሜሪን እናት ጋብቻ የሻረ፣ የእንግሊዝኛውን የጸሎት መጽሐፍ ያዘጋጀ ሰው ነው። ኦክስፎርድ ታስሮ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1555 ጓደኞቹ ፕሮቴስታንት ጳጳሳት ላቲመርና ሪድሊ ተቃጠሉ። ከዚያ እርሱ እምነቱን ክዶ ደጋግሞ ፈረመ። እንደ ልማዱ የተመለሰ ሰው ከእሳት ይድናል፤ ሜሪ ግን አልማረችውም። ማርች 21 ቀን 1556 ዝናብ ስለነበር ስብከቱ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆነ። መድረክ ላይ አቁመው ክህደቱን ለሕዝብ እንዲደግም ሲጠብቁት ሁሉንም ሻረ፤ የፈረመችው እጅ ቀድማ ትቃጠላለች አለ። ወደ እንጨቱ ሲወሰድም ቀኝ እጁን ነበልባሉ ውስጥ አስገብቶ ያዘ።

ተማሪውን ጠይቁ፦ መንግሥቱ የተሳሳተው የት ላይ ነው? መልሱ ከእሳቱ በፊት ነው። የፈረመውን ክህደት አሳትሞ ሰውየውን በሕይወት ቢያቆየው ድሉ የሮም በሆነ ነበር።

አሁን ቁጥሩን አምጡ። ከፌብሩዋሪ 1555 እስከ ኖቬምበር 1558 ወደ 280 ሰው ተቃጥሏል፤ ከ50 በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ የለንደን፣ የኬንት፣ የኤሴክስና የሰሴክስ ተራ ሰዎች ነበሩ። ባለጸጋውና የተማረው ወደ ፍራንክፈርት፣ ስትራስቡርግና ጄኔቫ ተሰድዷል። ስለ ሟቾቹ የምናውቀው አብዛኛው ዝርዝር ጆን ፎክስ በ1563 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ፎክስ ራሱ ፕሮቴስታንት ስደተኛ ነበር፤ የእርሱን ቃል አንብቡ፣ ግን ማን እንደጻፈው ሳትናገሩ አታንብቡ። «ደም አፍሳሿ ሜሪ» የሚለውም ከሞተች በኋላ የተለጠፈባት ስም ነው።

ወደ ኤልሳቤጥ ሳትሻገሩ ደወል እንዳይደወል ተጠንቀቁ፤ ካልተሻገራችሁ ትምህርቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። በ1559 የበላይ ገዥነትን ያዘች፣ ቤተ ክርስቲያን ባልመጣ ሰው ላይም 12 ፔኒ ቅጣት ጣለች። ፓፓ ፒየስ 5ኛ በ1570 አወገዛት። በ1581 ቅጣቱ በወር 20 ፓውንድ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ኢየሱሳዊው (የካቶሊክ ካህናት ማኅበር አባል የሆነው) ኤድመንድ ካምፒየን ተሰቀለ። በዘመኗ በእምነታቸው ምክንያት የተገደሉ ካቶሊኮች ወደ 200 ይጠጋሉ። የክሱ ስም ግን ምንፍቅና ሳይሆን ክህደት፣ የአገር ክህደት ነበር። ስሙን መለወጥ ምን ጥቅም እንዳለው ክፍሉ ለአምስት ደቂቃ ይከራከርበት።

ከእኛ ታሪክ ጋር ማነጻጸር

ሁሉም ቶሎ የሚያነሣው ሱስንዮስን ነው። አጠቃቀሙን ካወቁበት ጥሩ ነው። ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነቱን ያወጀው ሕዝቡ ለማያውቀው እምነት ነው፤ ሜሪ ግን የመለሰችው ከሃያ ዓመት በፊት የነበረውን ነው። በአቅጣጫዋ ፋሲለደስን፣ በዕጣዋ ሱስንዮስን ትመስላለች። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፉና ለምን እንደሆነ ራሳቸው ያብራሩ።

የተሻለው ማነጻጸሪያ ግን ገላውዴዎስ ነው። በ1555፣ ላቲመርና ሪድሊ በተቃጠሉበት ዓመት፣ ኢየሱሳውያን ወደ እርሱ መጥተው ነበር። እርሱ የቤተ ክርስቲያኑን እምነት በጽሑፍ አስፍሮ መለሰላቸው። ግን እኛ ደጎች፣ እነርሱ ጨካኞች ወደሚል እንዳይሄድ ዘርዓ ያዕቆብን አስከትሉ፤ በደቂቀ እስጢፋኖስ (በአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት) ላይ ያደረሰው ቅጣት ከደብረ ብርሃን ምሥረታ ጋር የተያያዘ ነው፣ ተማሪውም በየቀኑ የሚረግጠው መሬት ነው። ከከተማው ብዙ የማይርቀውን ልቼንም አትርሱ፦ ምኒልክ በ1878 ለዮሐንስ 4ኛ የገቡበት፣ የሃይማኖት ጉዳይ የስምምነቱ አካል የሆነበት ቦታ ነው። ካቶሊካዊው ሚስዮናዊ ማስያስ በዓመቱ ከሸዋ ወጣ።

የቦሩ ሜዳን የሃይማኖት ጉባኤ ግን ለብቻው ሰዓት ካልሰጣችሁት አታንሡት። ስለ ክርስቶስ የሚያስተምረው የሸዋ የሦስት ልደት ትምህርት ነገር በአሥር ደቂቃ አያልቅም።

ለፈተና አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «የ1554ቱ ፓርላማ ፓፓውን ተቀብሎ የገዳማቱን መሬት ለምን አልመለሰም?» ከአሥር ይታረም። የ1536–1540ውን የገዳማት መዘጋት ለጠቀሰ 3፣ መሬቱ በማን እጅ እንደገባ ለለየ 3፣ የፖልን ፈቃድ ላነሣ 2፣ ሜሪ ቱዶርን ከሜሪ ስቱዋርት ላልቀላቀለ 2። ስለ እሳቱ ብቻ ሁለት ገጽ የጻፈ፣ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከ2 በላይ አያገኝም።