ላፕቶፑ ሲግል መጀመሪያ እጃችሁን አየር መውጫው ላይ አድርጉ

ጌሙን ስትከፍቱ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፤ ኪቦርዱ መሃሉ ላይ ጣት አያስነካም፤ ቅድም ያለችግር ይሄድ የነበረው ጌም መቆራረጥ ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ይሻለዋል፣ ከዚያ ደግሞ ይብስበታል።

ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ራም ያንሰዋል» ወይም «ቫይረስ ገብቶበታል» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ዊንዶውሱን ሁለት ጊዜ አስጫንኩ። ከስር የሚነፋ ባለ ፋን ማስቀመጫም ገዛሁ። ጠብ ያለ ነገር የለም። አንድ ጥገና ቤትማ «ማዘርቦርዱ አልቆለታል» ብሎ ተስፋዬን ቆርጦት ነበር። በኋላ ሲገኝ ችግሩ ምን ነበር? አቧራ።

ጥፋተኛው ሙቀት መሆኑን አረጋግጡ

ኤችደብሊው ኢንፎ (HWiNFO) የሚባለውን የሙቀት መለኪያ ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ሲከፈት «ሴንሰርስ ኦንሊ» የሚለውን ምረጡና እዚያው ተዉት። 20 ደቂቃ ተጫወቱ። ስትመለሱ «ማክሲመም» የሚለውን ዓምድ እዩ።

ሲፒዩው (ዋናው ፕሮሰሰር) 80ዎቹ ውስጥ ከሆነ ለጌም ላፕቶፕ ደህና ነው፤ ወደ ስልክ ወይም ወደ ዴስክቶፕ አታወዳድሩት። ብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ጣሪያቸው 100 ዲግሪ ነው፤ የኤኤምዲዎቹ እንደ ሞዴሉ ከ95 እስከ 105 ይደርሳል። ወደዚያ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። «ተርማል ትሮትሊንግ» የሚባለው ይህ ነው። የምታዩት መቆራረጥም ከዚህ ይመጣል። ፕሮግራሙ ላይ በዚህ ስም ባለው መስመር «የስ» የሚል ካያችሁ፣ ነገሩ ተገኝቷል ማለት ነው።

ሙቀቱ 75 ላይ ሆኖ ጌሙ ከተንቀራፈፈ ግን ይህን ጽሑፍ ተዉትና ቻርጀራችሁን እዩ። የጌም ላፕቶፕ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ሆን ብሎ ጉልበቱን ይቀንሳል። ዋቱ ያነሰ ተመሳሳይ ቻርጀር ሲሰካበትም እንደዚያው ነው።

አሁን እጃችሁን

ሙቀቱ የሚጓዝበት መንገድ አንድ ነው። ከቺፑ ይነሳል፣ በተርማል ፔስቱ (ቺፑ ላይ በሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በኩል ወደ መዳብ ቱቦው ይገባል፣ ከቱቦው ጫፍ ላይ ወዳሉት ስስ የብረት ክንፎች ይሄዳል፣ እዚያ ፋኑ አየር ነፍቶ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ጥያቄው መንገዱ የቱ ጋ ነው የተዘጋው ነው። ይህን ለማወቅ ብር አያስፈልግም። ጌሙ እየሄደ፣ ፋኑ እየጮኸ፣ መዳፋችሁን አየር መውጫው ፊት አድርጉ።

የሚወጣው አየር ደካማ ከሆነ አቧራ ነው። አየሩ ጠንካራ ሆኖ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ግን 98 እያለ ከሆነ፣ ሙቀቱ ከቺፑ አልወጣም ማለት ነው፤ ፔስቱን ጠርጥሩ። አየሩ ጠንካራም እሳትም ከሆነ ማቀዝቀዣው ሥራውን እየሠራ ነው፤ የበዛው ጭነቱ ነው። በአንዱ በኩል እየነፋ በሌላው ምንም ከሌለ ወይም ጥርር የሚል ድምፅ ካለው ደግሞ አንዱ ፋን ሞቷል፤ ለሞዴላችሁ የሚሆን ፋን ፈልጋችሁ ከማስቀየር ውጭ መላ የለውም።

አልጋ ላይ የምትጫወቱም አላችሁ። ብርድ ልብሱ ከስር ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍነዋል። ጠረጴዛ ላይ አውጡት። ከኋላ በኩል ከሁለቱ እግሮች ስር ሁለት ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ደራርባችሁ አድርጉለት። ስትስቁ ይሰማኛል፤ ግን እኔ ከገዛሁት ማስቀመጫ ያልተናነሰ ሠርቶልኛል።

አየሩ ደካማ ሲሆን

በጋ ላይ መስኮት ከፍቶ የሚኖር፣ ሰፈሩ ግንባታ ያለበት ሰው ላፕቶፑ በዓመት አንዴ መጽዳት አለበት። ከውጭ መንፋት ብዙ አይጠቅምም። ምክንያቱ የገባኝ ጓደኛዬ የኔን የከፈተው ቀን ነው። ፋኑ ላይ ያለው አቧራ ትንሽ ነበር። ፋኑን ሲያነሳው ግን በፋኑና በብረት ክንፎቹ መሃል፣ ጣት የምታህል፣ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ የጠገገች ግራጫ ነገር ተቀምጣለች። በጣቱ ቆንጥሮ ሙሉዋን አወጣት። በሌላው በኩልም እህቷ ነበረች። የዚያን ዕለት ማታ ያው ጌም ከ97 ወደ 84 ወረደ።

ስለዚህ መክፈት ነው። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የታች ክዳኑን በትንሽ ካቻቢቴ ፍቱ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ወረቀት ላይ እንደ አቀማመጣቸው ደርድሯቸው። ክዳኑ ጠርዙ ላይ ስለሚይዝ በብረት አትፈልቅቁት፤ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ይበቃል። ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ። ከዚያ ፋኑን አንሱና በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ። በአየር የምትነፉ ከሆነ የፋኑን ምላስ በስቴኪኒ ያዙት። ዝም ብሎ ካሽከረከረው ሊበላሽ ይችላል።

አየሩ ለብ ሲል

ተርማል ፔስት ከጊዜ ብዛት ይደርቃል፤ ከቺፑ መሃልም ወደ ዳር እየተገፋ ይወጣል። ሁለት ሦስት ዓመት ከሞላው፣ በተለይ ያገለገለ ገዝታችሁ ከሆነ፣ መቀየሩ አያስቆጭም። ሂትሲንኩን፣ ማለትም ቺፑ ላይ የተቀመጠውን መዳብ ከነቱቦው፣ አንሱና አሮጌውን ፔስት በአልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ዴስክቶፕ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ መሃል ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል ይባላል። የላፕቶፕ ቺፕ ግን እንደ ዴስክቶፑ የብረት ክዳን የለውም፤ ጥግ ድረስ በስሱ ተቀብቶ መሸፈን አለበት። ሂትሲንኩ ላይ ከብሎኖቹ አጠገብ ብዙ ጊዜ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር አለ። ስታጠብቁ በዚያ ቅደም ተከተል ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ሂዱ። ከጎን ሚሞሪዎቹ ላይ ያሉትን ለስላሳ ንጣፎች እንዳትቀዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ ላፕቶፖች፣ ለምሳሌ በርከት ያሉ የአሱስ ሮግ ሞዴሎች፣ በፔስት ፋንታ ፈሳሽ ብረት ነው ያላቸው። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ጠብ ካለ አለቀለት። የናንተ እንደዚያ ከሆነ አትንኩት፤ ሥራውን ለሚያውቅ ስጡ።

አየሩ እሳት ሲሆን

እዚህ ካቻቢቴ አያስፈልግም። ስክሪናችሁ 60 ኸርዝ ከሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል (ፍሬም) ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ጂፒዩው (የግራፊክስ ቺፑ) በሰከንድ 140 ፍሬም ቢያመርት 80ው ለምንም አይጠቅምም፤ ሙቀት ብቻ ነው። በጌሙ ሴቲንግ ወይም በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓናል «ማክስ ፍሬም ሬት» የሚለውን 60 ላይ አስሩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጨርሳል።

ካልበቃ ሲፒዩውን ረገብ አድርጉት። የኢንቴል ኮር አይ7 9750ኤችን ውሰዱ፤ መነሻ ፍጥነቱ 2.6 ጊጋኸርዝ ሆኖ ቱርቦ ሲገባ እስከ 4.5 ይደርሳል። የሚያግለው ያ ጭማሪ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ «አድቫንስድ» ብላችሁ ግቡ፣ «ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት» ስር «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 ቀይሩት። አንዲት ቁጥር ናት፣ ግን ቱርቦውን ታጠፋዋለች። ብዙ ጌም በዋናነት ጂፒዩውን ስለሚጠቀም ልዩነቱ ብዙም ላይታወቃችሁ ይችላል። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ምርጫ ተደብቋል፤ በነሱ ላይ የአምራቹን ፕሮግራም ከፍታችሁ «ባላንስድ» ወይም «ሳይለንት» አድርጉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ዩቲዩብ ላይ ካያችሁት ቁጥር ጥቂት ዲግሪ ከፍ ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ከፊሉን ያካክሳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ስለዚህ የሌላ ሰው ቁጥር ላይ አታፍጥጡ። ያንኑ ጌም፣ በያው ክፍል፣ ያንኑ 20 ደቂቃ ተጫወቱና የራሳችሁን በፊትና አሁን አወዳድሩ። «ማክሲመም» 86 ላይ ቆሞ ጌሙ ካልተቆራረጠ፣ ካቻቢቴውን ወደ ቦታው መልሱት።