የድሮ የቤተሰብ ቪዲዮ ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት የትኛው ዴክ ይገዛል?

ዴክ ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት ካሴቶቹን አውጥተው ይለዩ። ትልቁ ካሴት ቪኤችኤስ ነው። ትንሽዬው ቪኤችኤስ-ሲ ደግሞ አስማሚ ውስጥ ገብቶ በዚያው ዴክ ይጫወታል። የ8 ሚሊሜትር የካሜራ ካሴት ግን በምንም አስማሚ ቪኤችኤስ ዴክ ላይ አይሠራም፤ «አስማሚ አለኝ» የሚል ነጋዴ ካጋጠመዎት ይለፉት። ለእሱ የሚያስፈልገው ያንኑ ካሴት የሚያጫውት ካሜራ ነው።

ጅማ ውስጥ የተቀረጸ ሰርግ፣ ኒካህ ወይም ክርስትና ፓል በሚባለው የምስል ሥርዓት ነው፤ 625 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ምስል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ካሴት ኤንቲኤስሲ ነው፤ 525 መስመር፣ በሴኮንድ 30 ገደማ። ካሴቱ ላይ ኢ-180 ከተጻፈ ፓል፣ ቲ-120 ከሆነ ኤንቲኤስሲ ይገመታል፤ ጥቆማ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ብዙ ፓል ዴኮች የአሜሪካውንም ካሴት በቴሌቪዥን ያሳያሉ፤ ሆኖም የሚያወጡት ፓል-60 የሚባል ድብልቅ ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው መቅረጫ ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል ወይም ምስሉ ይንከባለላል። የአሜሪካ ካሴት ከበዛ ራሱን የቻለ ኤንቲኤስሲ ዴክ ያስፈልጋል። ከዚያው የመጣ ዴክ በ120 ቮልት የሚሠራ ነውና በቀጥታ 220 ላይ ከሰኩት ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል። ከጀርባው የተጻፈውን ዋት አይተው፣ ቢያንስ እጥፉን የሚችል ትራንስፎርመር ያዘጋጁ።

አዲስ ዴክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚያመርት የለም፤ ስለዚህ የሚገዙት ያገለገለ ነው። ዋናው ጥያቄ የት አገለገለ የሚለው ነው። ከቪዲዮ ቤት ወይም ካሴት ሲያባዛ ከኖረ ስቱዲዮ የወጣ ዴክ ሞዴሉ ቢያምርም ሄዱ (ቴፑን የሚያነበው ክፍል) ተበልቷል። ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ለበዓል ብቻ የሚከፈት የነበረ ተራ ዴክ ይበልጠዋል። መርካቶ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞችን ሲጠይቁም «የማን ነበር?» ብለው ይጀምሩ።

ሲገዙ የማያሳዝንዎት፣ ግን በደንብ የተቀረጸ ካሴት ይዘው ይሂዱ። ቢያንስ 15 ደቂቃ ያጫውቱት፤ ብዙ ዴክ ሲሞቅ ነው ጉዱ የሚወጣው። ወደፊትና ወደ ኋላ እስከ ጫፍ ያጠንጥኑ፣ ደጋግመው ያስገቡ ያውጡ። ከዚያ የካሴቱን መክደኛ ከፍተው የቴፑን ጠርዝ በብርሃን ይዩት። ጠርዙ ከተጨማደደ ወይም እንደ ሞገድ ከታጠፈ ዴኩ ውስጥ ቴፑ የሚሄድበት መንገድ ተዛብቷል፤ የቤተሰብዎን ካሴት ያበላሻልና ይተዉት። ከምስሉ ግርጌ የምትታይ ቀጭን የተረበሸች መስመር የሁሉም ቪኤችኤስ ጠባይ ናት፤ አያስደንግጥዎ። ትራኪንግ (ሄዱን ከቴፑ መስመር ጋር የሚያገጣጥመውን ማስተካከያ) ቢያስተካክሉም መሐል ላይ የማይጠፋ ነጭ ነጠብጣብ ግን የሄድ መቆሸሽ ወይም ማለቅ ነው። ሽፋኑን ማስከፈት ከቻሉ ቴፑን የምትስበውን ጥቁር ጎማ ይመልከቱ፦ ደብዘዝ ያለች ከሆነች ጥሩ፣ እንደ መስታወት የምታብለጨልጭ ከሆነች ደርቃለች። ሪሞቱንም ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ማስተካከያ ዴኩ ላይ ቁልፍ የለውም።

ባለ 4 ሄድ መሆኑ የሚጠቅመው በዋናነት በዝግታ ፍጥነት ለተቀረጸና ለቆመ ምስል ነው፤ በመደበኛ ፍጥነት ለተቀረጸ ባለ 2 ሄድም ይበቃል። ሃይ-ፋይ ድምፅ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ድምፁ ላይ የሚረብሽ ጩኸት ካለ ወደ «ኖርማል» ይለውጡት። በአንቴና ገመድ አይቅረጹ። ቢጫውን የኤቪ መውጫ፣ ካለው ደግሞ ኤስ-ቪዲዮን ይጠቀሙ። ከአውሮፓ የመጡት ስካርት የሚባል ሰፊ መሰኪያ ብቻ ሊኖራቸው ይችላል፤ መግቢያና መውጫ መቀየሪያ ያለው የስካርት አስማሚ ይግዙ፣ ማብሪያውንም «መውጫ» ላይ ያድርጉ። «ምስል የለም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው።

ያረጀ ቴፕ ስለሚሳብ እያንዳንዱ መስመር የሚጀምርበት ቦታ ይዋዥቃል። በር ወይም ምሰሶ እየተንቀጠቀጠ ከታየ ይኸው ነው። ይህን የሚያስተካክል ቲቢሲ የሚባል ክፍል ካላቸው መካከል ፓናሶኒክ ኤንቪ-ኤፍኤስ200፣ ኤንቪ-ኤችኤስ950 እና ጄቪሲ ኤችአር-ኤስ9600 ናቸው። ካልተገኙ ፓናሶኒክ ዲኤምአር-ኢኤስ10 ወይም ኢኤስ15 የዲቪዲ መቅረጫን በዴኩና በኮምፒውተሩ መካከል ማስገባት ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል። ክፉኛ የተጎዳ ቴፕ ላይ ቲቢሲው ራሱ ሊያዛባ ስለሚችል አጥፍተውም ይሞክሩ።

የጅማ ዝናብና እርጥበት ለቴፕ ጠላት ነው። በካሴቱ መስኮት በኩል ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ደህናው ዴክዎ ውስጥ ካስገቡት ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይዛመታል። ለይተው፣ በፌስታል አሽገው ያስቀምጡ። ቴፕ እንደ ቡና ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ሙቀት ያጣምመዋል። የረጠበውን ሲሊካ ጄል ከተጨመረበት ክዳን ካለው ዕቃ ውስጥ ለሳምንታት ያቆዩት።

ሄድ ለማጽዳት ዴኩን ከሶኬት ይንቀሉ። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል የነካ ንጹሕ ወረቀት ሄዱ የተገጠመበት ተሽከርካሪ ከበሮ ላይ ሳይጫኑ አስጠግተው፣ ከበሮውን በሌላው እጅ ከአናቱ ያዙሩት። ወረቀቱን ወደ ላይና ወደ ታች ካሹት ሄዱ ይሰበራል፤ የጆሮ ጥጥም ክሩ ይይዘዋል። ካጸዱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያድርቁት።

መብራት መሐል ላይ ሊሄድ ስለሚችል ዴኩንም ኮምፒውተሩንም ዩፒኤስ ላይ ያድርጉ። ቴፑ ተዘርግቶ ሳለ ከጠፋ ካሴቱን ጎትተው አያውጡ፤ መብራት ሲመጣ አብዛኛው ዴክ ራሱ ይሰበስበዋል። ፓሉን በ720 በ576፣ በ25 ምስል፣ መስመሮቹን ሳያዋህዱ (ዲኢንተርሌስ ሳያደርጉ) ይቅረጹ። ጥራት ሳይቀነስ ለአንድ ሰዓት 30 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃልና ሃርድ ዲስኩን አስቀድመው ያስቡበት።

ገንዘቡ ከፈቀደ አንድ ውድ ዴክ ከመግዛት የተለያየ ፋብሪካ ሁለት ተራ ዴኮች ይግዙ። የቀረጸው መሣሪያ መስመሩ ትንሽ ተዛብቶ ከነበረ፣ በአንዱ ዴክ አልታይ ያለ ካሴት በሌላው ጥርት ብሎ የሚወጣበት ጊዜ አለ።