የኢኮኖሚ ቀውስ ሲያሰጋ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአገር ኢኮኖሚ ሲናጋ ተራው ሰው ከዜናው ቀድሞ ያውቃል። ደመወዝ ወር አልደርስ ይላል፣ ድርጅቶች ቅጥር ያቆማሉ፣ ነጋዴው ዕቃውን መሸጥ ትቶ ነገን ይጠብቃል። ይህን ስጋት «ባዶ ፍርሃት» ብሎ ማጣጣል ሕዝብን መናቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስጋቱ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን የየአገሩን ታሪክ ላየ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ ብዙ ቤተሰቦች የተጎዱት በጭንቀት ጊዜ ተቻኩለው በወሰኑትና በኋላ ሊመልሱት ባልቻሉት ውሳኔ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀውስ ሁሉ አንድ ነው ብሎ መዘጋጀት

በአንዱ አገር የዋጋ ንረት የገንዘብን አቅም ይበላል። በሌላው ዋጋ ሳይንር ሥራ ይጠፋል። አንዳንዱ ዘንድ ባንኮች ይዘጋሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ስሪላንካ በ2022 የውጭ ምንዛሪ ተሟጦበት ነዳጅና መድኃኒት ማስገባት ያቅተዋል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው። በ1923 በጀርመን ጥሬ ገንዘብ ይዞ የጠበቀ ሰው ሁሉንም አጣ፤ በኅዳር ወር አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደርሶ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ግን ዋጋ ራሱ ወደ ታች ይወርድ ስለነበር ጥሬ ገንዘብ የያዘው ሲጠቀም ባለ ዕዳው ወደቀ።

ስለዚህ «አገሪቱ ምን ትሆናለች?» ከሚለው በፊት «የእኛ ቤት በየት በኩል ይመታል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ያጠራቀመው ጥቂት ሆኖ በአንድ ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ትልቁ አደጋው ሥራ ማጣት ነው። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ሌሊቱን ሙሉ የምንዛሪ ተመን ሲከታተል ማየት ያሳዝነኛል፤ ያ ጊዜ ሁለተኛ የገቢ ምንጭ ለመፈለግ ወይም ሌላ ሙያ ለመማር ቢውል ይበልጥ ይጠቅመው ነበር።

በወሬ ባንክን መክበብ፣ ወይም ባንክን ጨርሶ ማመን

በ1973 ማብቂያ ላይ በጃፓን አንዲት ተማሪ ቶዮካዋ ሺንኪን በሚባል አነስተኛ የገንዘብ ተቋም ልትቀጠር መሆኗን ሰምተው ጓደኞቿ ባቡር ውስጥ «እዚያ መሥራት አደገኛ ነው» አሏት። ዘራፊዎች ሊመጡ ይችላሉ ማለታቸው ነበር። ቃሉ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ «ተቋሙ ሊወድቅ ነው» ወደሚል ተለወጠና አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሰለፉ። ተቋሙ ግን ጤነኛ ነበር።

የወሬን ጉዳት የሚያሳዩ እንዲህ ያሉ ታሪኮች ብዙ ናቸው፤ ይሁንና ተቃራኒውንም መሸሸግ አይገባም። በሊባኖስ ከ2019 ጀምሮ ባንኮች የአስቀማጮችን ገንዘብ ያዙ፤ «ባንካችን አስተማማኝ ነው» ብለው የተቀመጡ ሰዎች የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን እያዩ ማውጣት አልቻሉም። በ2015 በግሪክ ባንኮች ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግተው ከገንዘብ መክፈያ ማሽን የሚወጣው በቀን 60 ዩሮ ብቻ ነበር።

ከሁለቱ ጫፎች መካከል የሚሻለው የጥቂት ሳምንት ወጪ የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ እጅ ላይ መያዝ፣ የቀረውን ከአንድ በላይ ባንክ ማስቀመጥ ነው። የተቀማጭ ገንዘብ መድን (ባንክ ቢወድቅ ለአስቀማጩ የሚከፈለው ዋስትና) እስከ ስንት እንደሚሸፍንም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በ2013 በቆጵሮስ ባንኮች ሲወድቁ፣ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ፣ እስከ 100,000 ዩሮ ያለው ተቀማጭ ተረፈ፤ በሁለቱ ትልልቅ ባንኮች ከዚያ በላይ የነበረው ግን ተመታ። የቤተሰብን ሀብት በሙሉ ቤት ውስጥ መደበቅ ሌባን፣ እሳትንና የዋጋ ንረትን በአንድነት መጋበዝ ነው።

በውጭ ምንዛሪ የተመዘገበ ሒሳብን እንደ ውጭ ምንዛሪ መቁጠር

በአርጀንቲና ከ1992 ጀምሮ አንድ ፔሶ (የአገሩ ገንዘብ) በሕግ ከአንድ ዶላር ጋር እኩል ነበር። ጠንቃቃ የሆኑት ሰዎች ቁጠባቸውን በዶላር ሒሳብ አስቀመጡ። በታኅሣሥ 2001 መንግሥት በሳምንት ከ250 ፔሶ በላይ ጥሬ ገንዘብ ማውጣትን ከለከለ፤ በቀጣዩ ዓመት የዶላር ሒሳቦች አንድ ዶላር በ1.40 ፔሶ ተመን ወደ ፔሶ እንዲለወጡ ተደረገ። በወራት ውስጥ ግን በገበያ አንድ ዶላር ከ3 ፔሶ በላይ ይሸጥ ነበር። እነዚህ ሰዎች ጥንቃቄ አላጎደሉም። ያልተገነዘቡት፣ ሒሳብ ላይ የተጻፈ ዶላር ባንኩና መንግሥት የሚጠብቁት ቃል እንጂ በእጅ ያለ ዶላር አለመሆኑን ነው። ወርቅም ቢሆን ቤትም ቢሆን፣ ሁሉን በአንድ መጠለያ ማከማቸት ያው ነው፤ ቤት ዋጋውን ቢጠብቅ እንኳ በችግር ቀን ለመድኃኒት መግዣ ቶሎ አይሸጥም።

ገቢ በማያገኙበት ገንዘብ መበደር

ከ2008 በፊት በሃንጋሪ ብዙ ቤተሰቦች ወለዱ ዝቅተኛ ስለሆነ በስዊስ ፍራንክ የቤት ብድር ወሰዱ። ደመወዛቸው ግን በአገሩ ገንዘብ በፎሪንት ነበር። ፎሪንት ሲወድቅ የወር ክፍያቸው አሻቀበ። ወለዱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ብድርም የዚህ ዘመድ ነው።

ከፍተኛ ትርፍ የሚያስገኝ መዳኛ ፍለጋ

ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል። ቁጠባው እየቀለጠ የሚያይ ሰው ከንረቱ የሚቀድም ትርፍ ይፈልጋል፤ አጭበርባሪውም ይህን ጭንቀት አሳምሮ ያውቀዋል። በአልባኒያ በ1990ዎቹ አጋማሽ በየወሩ ከፍተኛ ወለድ የሚከፍሉ ድርጅቶች ተስፋፍተው ከሕዝቡ አብዛኛው ገንዘቡን ሰጣቸው፤ ቤቱንና ከብቱን የሸጠም ነበር። የቀደሙት ይከፈላቸው የነበረው ኋላ ከመጡት ገንዘብ ነበር። በ1997 ሲፈራርሱ አገሪቱ ወደ ሁከት ገባች፤ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ።

ብዙዎችን ያሳሳታቸው ክፍያው በእርግጥ መምጣቱ ነው። ጎረቤት ተከፍሎት ሲታይ ጥርጣሬ ይሟሟል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ይከፍላሉ ወይ?» ሳይሆን «ትርፉ ከምን ሥራ ይመጣል?» የሚለው ነው። መልሱ አዲስ ሰው ከማምጣት ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ የጋበዘን ሰው የቅርብ ዘመድ ቢሆንም መተው ነው። ዘመዱም ሊያታልለን ያሰበ ላይሆን ይችላል፤ ራሱም ተታልሎ ሊሆን ይችላልና።

ዕቃ ማከማቸት

ጥቂት መጠባበቂያ መያዝ ብልህነት ነው። ከዚያ ያለፈው ግን እጥረቱን ያባብሳል፤ ለወሩ የሚገዛ አቅም የሌለው ሰው ባዶ መደርደሪያ ይጠብቀዋል፣ የተከማቸውም ይበላሻል።

ቁጠባን ከማይገባው ቦታ መጀመር

በ1998 የኢንዶኔዥያ ቀውስ ድሃ ቤተሰቦች የትልልቆቹን ልጆች ትምህርት ለማቆየት ትንንሾቹን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ነበረባቸው። ሌላ አማራጭ ያልነበራቸውን መውቀስ አይቻልም። አማራጭ ያለው ሰው ግን መደበኛ መድኃኒትን፣ የልጅ ትምህርትንና እንጀራ የሚያበላውን የሥራ መሣሪያ ጥገና የመጨረሻ ተቆራጭ ሊያደርጋቸው ይገባል። ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጋው ሲረጋጋ የቀረ ልብስ ይገዛል፤ የተቋረጠ ትምህርትና የተባባሰ ሕመም ግን በቀላሉ አይመለሱም።

ችግሩን ከቤተሰብ መደበቅ

«አላስጨንቃቸው» ብሎ ዕዳውን የሚደብቅ አባት ወይም እናት ሳያውቁት ቤተሰቡ እንደ ቀድሞው እንዲያወጣ ይፈቅዳሉ። የሚገባውን፣ የሚወጣውን፣ ያለውን ዕዳና ገቢ ቢቋረጥ ለስንት ወር መኖር እንደሚቻል በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ መነጋገር ይሻላል። ልጆችም እንደ ዕድሜያቸው መስማት አለባቸው፤ ካልተነገራቸው የከፋውን ራሳቸው ያስባሉ። አበዳሪ ጋር መሄድ ካስፈለገ ደግሞ ክፍያ ከመዝለል በፊት ይሁን፤ ገና ያልዘገየ ተበዳሪ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምለት ሲጠይቅ ከሦስት ወር ውዝፍ በኋላ ከሚቀርበው ይልቅ የመደመጥ ዕድሉ ሰፊ ነው።