አሜሪካ አዲስ ለገባችሁ፦ የሚደውልላችሁ ሁሉ ሰው አይደለም

ሲም ካርድ ካወጣችሁ ብዙም ሳይቆይ ስልካችሁ መጮህ ይጀምራል። ቁጥሩ የሰፈራችሁ ይመስላል። የምታነጋግራችሁ ሴት ትሁት ናት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁ (መንግሥት የሚሰጣችሁ መለያ ቁጥር) ሊታገድ ስለሆነ ከሱቅ ጊፍት ካርድ ገዝታችሁ ቶሎ ክፈሉ ትላለች። አትደንግጡ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይታገድም፣ መንግሥትም በጊፍት ካርድ ክፈሉኝ አይልም።

ድሮ እንዲህ ያለው ጥሪ የተቀዳ ድምፅ ስለነበር ወዲያው ይነቃበት ነበር። አሁን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚሠራው ድምፅ ስትጠይቁት ይመልሳል፣ ይስቃል፣ የምታውቁትን ሰውም ያስመስላል። ጃንዋሪ 2024 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች በወቅቱ ፕሬዚዳንት በነበረው በባይደን ድምፅ ተደውሎ፣ የፓርቲ እጩ በሚመረጥበት ቅድመ ምርጫ እንዳይመርጡ ተነገራቸው፤ ባይደን ግን አልደወለም። ያስደወለው የፖለቲካ አማካሪ 6 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀጣ ተወሰነበት። ፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ኤፍሲሲ የሚባለው፣ ስልክን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ የ1991ዱ የስልክ ጥሪ ሕግ በኤአይ የተሠራ ድምፅንም ይመለከታል ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ሳትፈቅዱ በእንዲህ ያለ ድምፅ ሞባይላችሁ ላይ መደወል ሕገ ወጥ ነው። ለአንድ ጥሪ 500 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 1,500 ዶላር ድረስ መክሰስም ይቻላል።

ችግሩ ብዙዎቻችን ሳናውቀው እንፈቅዳለን። ሥራ ስታመለክቱ፣ አፓርታማ ስትፈልጉ፣ በተለይ የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ በኢንተርኔት ስታወዳድሩ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል "በአውቶማቲክ ጥሪ እንዲደውሉልኝ ተስማምቻለሁ" የሚል ነገር አለ፤ ቁጥራችሁን አስገብታችሁ ከተጫናችሁት በኋላ ስልኩ ፋታ አይሰጣችሁም። ፈቃዱን ግን መልሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። እንዳይደውሉ ንገሯቸው፣ ቴክስት ከላኩላችሁም በእንግሊዝኛ "STOP" ብላችሁ መልሱ። በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የማቆም ግዴታ አለባቸው።

ዱ ኖት ኮል ("አትደውሉልኝ") የሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይም ተመዝገቡ፣ ነፃ ነው፤ ከራሳችሁ ስልክ 1-888-382-1222 መደወል ነው። የሻጮችን ጥሪ ይቀንሳል እንጂ የፖለቲካና የበጎ አድራጎት ጥሪ አይመለከተውም። ሌባ ደግሞ መዝገብ አያይም።

ከሁሉም የሚያስፈራው በወንድም ወይም በልጅ ድምፅ "ታስሬያለሁ፣ ብር ላኩልኝ" የሚለው ነው። ድምፁን ከቲክቶክ ቪዲዮ ሊቀዱት ይችላሉ። እንግዲህ እኛ ሰው ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ነው ብለን ነው ያደግነው፤ እዚህ ግን ዝጉት። ከዚያ ራሳችሁ በምታውቁት ቁጥር ደውሉ። መዝጋት ካቃታችሁ የቤት ስሙን ጠይቁት፣ እናቱ ብቻ የምትጠራውን፣ ፓስፖርትም ፌስቡክም ላይ የሌለውን።

ማሽን የደወለ ሁሉ ግን ሌባ አይደለም። በረዶ ሲጥል "ዛሬ ትምህርት የለም" ብሎ ከልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሚደውለውም ማሽን ነው፣ እሱን እንዳትዘጉት።