የቤታ ፍርሰት እኩልታ እንዴት ይጻፋል?

ቤታ ፍርሰት ማለት የአቶም እምብርት (ኒውክለስ) ኤሌክትሮን ወይም ፖዚትሮን አውጥቶ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ሲቀየር ነው። ደሴ ላላችሁ ተማሪዎች ከጦሳ ተራራ ድንጋይ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አካባቢው የቆመበት ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው። ውስጡ ጥቂት ፖታሲየም አለ። ከ10,000 የፖታሲየም አቶም 1 ገደማ ፖታሲየም-40 ነው፤ እሱ ዛሬም እየፈረሰ ነው። እኩልታውን አብረን እንጻፍ።

መጀመሪያ የፈራሹን ሁለት ቁጥሮች ያዙ። ላይኛው ቁጥር፣ በትምህርት ክፍል ማስ ነምበር የምንለው ነው፤ የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር። ታችኛው የፕሮቶን ብዛት ብቻ ነው። ለፖታሲየም-40 ላይ 40፣ ታች 19። ከቀስቱ በስተግራ ጻፉት።

ቀጥሎ ኤሌክትሮኑን በስተቀኝ አስቀምጡ፤ ላይ 0፣ ታች −1። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ በግራ ይጽፈዋል። ኤሌክትሮኑ ግን ከኒውክለሱ የሚወጣ ነው። ቀድሞ እዚያ የነበረም አይደለም። አንድ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ሲቀየር ያኔ ይፈጠራል። ይህ ከገባችሁ መሸምደድ አያስፈልግም። ኒውትሮን አንድ ቀነሰ፣ ፕሮቶን አንድ ጨመረ። ድምሩ እዚያው 40 ነው፤ ታችኛው ግን 20 ሆነ።

አሁን ሒሳቡን አረጋግጡ። ላይ፦ 40 = 40 + 0። ታች፦ 19 = 20 + (−1)። ፔሪዮዲክ ቴብል ላይ 20ኛው ካልሲየም ነው። የአዲሱን ንጥረ ነገር ስም የሚወስነው ሁልጊዜ ታችኛው ቁጥር ነው።

ፖታሲየም (40፣ 19) → ካልሲየም (40፣ 20) + ኤሌክትሮን (0፣ −1) + አንቲኒውትሪኖ (0፣ 0)

አንቲኒውትሪኖ ቻርጅ የሌለው እጅግ ቀላል ቅንጣት ነው፤ ሁለቱም ቁጥሩ ዜሮ ስለሆነ ሚዛኑን አይነካም። የኬሚስትሪ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ይተዉታል። እኔ ግን ጻፉት እላለሁ። ያለ እሱ የኢነርጂው ሒሳብ ይጎድላል። የፊዚክስ ሊቁ ቮልፍጋንግ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1930 የማይታይ ቅንጣት መኖር አለበት ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፖዚትሮን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው የኤሌክትሮን አቻ) ሲወጣ ታቹ +1 ይጻፋል፣ አጃቢው በአንቲኒውትሪኖ ፈንታ አቻው ኒውትሪኖ ይሆናል፣ ታችኛውም ቁጥር በአንድ ይወርዳል፦ ፍሎሪን (18፣ 9) → ኦክስጅን (18፣ 8) + ፖዚትሮን (0፣ +1) + ኒውትሪኖ (0፣ 0)።

ኤሌክትሮን በግራ የሚጻፍበት ጊዜም አለ። ከፈራሹ ፖታሲየም-40 ከመቶ 11 ያህሉ በዙሪያው ካሉት ኤሌክትሮኖች አንዱን ይውጣል፦

ፖታሲየም (40፣ 19) + ኤሌክትሮን (0፣ −1) → አርጎን (40፣ 18) + ኒውትሪኖ (0፣ 0)

አርጎን ጋዝ ነው፤ ላቫው ከቀዘቀዘ በኋላ ድንጋዩ ውስጥ ታፍኖ ይጠራቀማል። የድንጋዩ ዕድሜ የሚሰላው ይህን አርጎን በመለካት ነው።

አዮዲን (131፣ 53) ኤሌክትሮን አውጥቶ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ራሳችሁ ሞክሩ። ዜኖን (131፣ 54) ላይ ከደረሳችሁ ገብቷችኋል።