የቡናውን ድምፅ ከነቤቱ እንዴት እንቅዳው?

ቡና ሲፈላ በስልክ ቀድታችሁ ታውቁ ይሆናል። መልሳችሁ ስትሰሙት ሙቀጫውም ወሬውም አንድ ላይ ተደፍኖ ይመጣል። ባይኖራል የሚባለው፣ በሁለት ጆሮ እንደምንሰማው የሚቀዳው አቀዳድ ግን ሁሉንም በየቦታው ያስቀምጠዋል፤ ጀበናው በግራ፣ በሩ ከኋላ፣ ልጆቹ ደጅ።

በግራ የተነሳ ድምፅ ቀኝ ጆሮ ጋ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ መዘግየቱ አንድ ሺኛ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ጭንቅላታችንም ይጋርደዋል፣ በተለይ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ። የጆሯችን ቅርጽ ደግሞ ከፊትና ከኋላ የሚመጣውን ይለይልናል። ማይኩን ጆሮ ላይ ካደረግነው ይህ ሁሉ አብሮ ይቀዳል። ኖይማን ኬዩ 100 የሚባል የጭንቅላት ቅርጽ ያለው ማይክ አለ፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ለቤት የራሳችን ጭንቅላት ይበቃል።

ሸሚዝ ላይ ከሚሰኩት ትንንሽ ማይኮች ሁለት አንድ ዓይነት ፈልጉ፣ ከየአቅጣጫው የሚቀበሉትን። ሪከርደሩ በስቴሪዮ፣ ማለትም ግራና ቀኙን ለየብቻ የሚቀዳና ለማይኮቹ ኃይል የሚሰጥ ይሁን። የስልኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አይሆንም፣ ከማይክ የሚቀበለው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ማይኮቹን የጆሯችሁ ቀዳዳ አፍ ላይ አድርጉ፣ ወደ ውስጥ አትግፏቸው። ሽቦውን ከጆሮ ጀርባ በፕላስተር ያዙት፣ ልብስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። የግራውን በቀይ ክር ምልክት አድርጉበት።

ሪከርደሩን 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ ፋይል) ላይ አድርጉት። ራሱ ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን አጥፉ። ከዚያ ቡናውን የሚወቅጠው ሰው አንዴ ይሞክር፤ ከሁሉ የሚጮኸው ሙቀጫው ስለሆነ እሱ በሪከርደሩ የድምፅ መለኪያ ላይ ከቀነስ 12 ዲሲቤል እንዳያልፍ አስተካክሉ።

አሁን ተቀመጡና ጭንቅላታችሁን አታንቀሳቅሱ። እኔ መጀመሪያ ስቀዳ እናቴ ስታወራ እሺ እሺ እያልኩ አንገቴን እነቀንቅ ነበር፤ ስሰማው ቤቱ በሙሉ አብሮኝ ይወዛወዛል። ቀረጻው ተበላሸ፣ አዝኜ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ከረከቦቱ ፊት አንድ ክንድ ያህል ርቄ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እናቴ ቡናውን ሲኒ ላይ ስትቀዳ ድምፁ ከግራ ሲኒ ወደ ቀኝ ሲኒ እየተሻገረ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ሲኒ ሊሞላ ሲል ደግሞ ድምፁ እየቀጠነ ይመጣል፤ ይህን በስልክ ቀረጻ ሰምቼው አላውቅም።

የምትሰሙት በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። በስፒከር ከሆነ የግራው ድምፅ ቀኝ ጆሮም ጋ ይደርሳል፣ አቅጣጫው ይጠፋል። በስፒከር ዙሪያችሁን ይክበበኝ ካላችሁ ሰራውንድ ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ እሱ ብዙ ማይክና ብዙ ስፒከር ይጠይቃል። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ስትልኩለት እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፣ ማዳመጫውንም ግራና ቀኙን አይቶ እንዲያደርግ ንገሩት።