ክለባችሁን ሳትከዱ፣ ራሳችሁንም ሳታታልሉ ሲዝን እንዴት ይጨረሳል

ደብረ ማርቆስም ሂዱ ቡሬም ሂዱ ዳንግላም ሂዱ፣ የትኛውም ዲኤስቲቪ ቤት ብትገቡ ሁለት አይነት ደጋፊ አታጡም። አንዱ ሐምሌ ላይ፣ ገና ቡድኑ ልምምድ ሳይጀምር፣ «ዘንድሮ ዋንጫውን እንበላዋለን» ብሎ የሚምል ነው። ሌላው ደሞ ቡድኑ አምስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ እንኳን «ተዉኝ እባካችሁ፣ እነዚህ መጨረሻ ላይ ጉድ ይሰሩናል» ይላል፣ ልቡ እንዳይሰበር ቀድሞ ራሱ ይሰብረዋል። ሰው የመጀመሪያውን የዋህ፣ ሁለተኛውን ብልህ አድርጎ ያያል፣ እኔ ግን አልስማማም፣ ሁለቱም ቡድኑን ቁጭ ብለው አላዩትም።

እኔ የምመክረው ተስፋና ግምትን አትቀላቅሏቸው ነው። ተስፋችሁ እንዳሻው ይሁን፣ ልክ አታብጁለት። ግምታችሁን ግን በቁጥር ጻፉት፣ ቀን አድርጉበት፣ ከዚያ ተስፋው ቁጥሩን እንዳይነካካው ብቻ ጠብቁት። ይሄን ያደረገ ሰው በደንብ መመኘትም ይችላል፣ ሲሸነፍም ቤተሰቡ ላይ አይጮህም።

ለዚህ መጀመሪያ የምትደግፉበትን ሊግ እወቁ፣ ምክንያቱም በአንዱ ሊግ እብደት የሚመስል ተስፋ በሌላው ሊግ ተራ ነገር ነው። እንግሊዝን ውሰዱ፣ ፕሪሚየር ሊጉ በአውሮፓውያኑ 1992 ከተጀመረ እስከ 2024/25 ድረስ ዋንጫውን ያነሱት ሰባት ክለቦች ብቻ ናቸው፣ ዩናይትድ፣ ብላክበርን፣ አርሰናል፣ ቼልሲ፣ ሲቲ፣ ሌስተርና ሊቨርፑል። ሌስተር በ2015/16 ሲበላው አቋማሪዎቹ 5000 ለ 1 ነበር የሰጡት። ከታች ያደጉትማ እዚያ ከባድ ነው ነገሩ፣ በ2023/24 ያደጉት ሦስቱም ወረዱ፣ በ2024/25 ያደጉትም ሦስቱም ወረዱ።

አሁን ወደ እኛ ሊግ ኑ። ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት የመጀመሪያ ሲዝን በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። መቀለ 70 እንደርታ በሁለተኛ ሲዝኑ በ2011 በላው። ፋሲል ከነማ በ2013፣ ከዚያ ጊዮርጊስ በ2014 እና በ2015፣ ከዚያ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ገና ባደገበት ዓመት በ2016፣ ኢትዮጵያ መድን ደሞ ካደገ በሦስተኛ ሲዝኑ በ2017። ስለዚህ የባሕር ዳር ደጋፊ «ዋንጫ እንበላለን» ሲል እንደ እብድ የምታዩት ሰዎች ሊጉን አታውቁትም ማለት ነው፣ የጣና ሞገዶቹ እኮ በ2015 ከጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነው ነው የጨረሱት፣ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ላይም የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት አስወጥተው ነው በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን የቆሙት። ግን ያው ሊግ በሌላ በኩልም ይቆርጣል፣ ሻምፒዮኑ ጅማ አባ ጅፋር በ2014 ወርዷል። አራት ዓመት ብቻ። ስለዚህ የሀገር ውስጥ ክለብ የምትደግፉ ሰዎች ተስፋችሁም ስጋታችሁም ሰፋ ያለ ይሁን፣ የእንግሊዝን መስፈሪያ እዚህ አታምጡት።

እዚሁ ላይ እያለሁ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ሊጉ ከ2013 ጀምሮ ተመርጠው በሚዘጋጁ ከተሞች ነው ሲካሄድ የከረመው፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ እየተባለ። ቡድኑ የገዛ ሜዳው ላይ በገዛ ሕዝቡ ፊት ሲጫወት ያመጣውን ውጤት ሌላ ከተማ ሆቴል ውስጥ ወር ሙሉ ተቀምጦ ከሚያመጣው ጋር አትደምሩት። ያለፈውን ዓመት ውጤት ስታዩ ለየብቻ ቁጠሩት፣ ባሕር ዳር ላይ የተገኘው ነጥብ ይሄን ያህል፣ ውጪ የተገኘው ይሄን ያህል ብላችሁ። ደሞ በክረምት ዝውውር ጊዜ ስንት ተጫዋች እንደመጣ ከመቁጠር በፊት ካለፈው ዓመት ቋሚ 11 ውስጥ ስንቱ እንደቀረ ቁጠሩ፣ እኛ ጋ ኮንትራቱ አጭር ስለሆነ ግማሽ ቡድን በአንድ ክረምት ይበተናል። ሰባት ስምንቱ ከቆዩ ካለፈው ዓመት ተነስታችሁ ገምቱ፣ ሦስት አራት ብቻ ከቀሩ ግን ያለፈው ዓመት ደረጃ ምንም አይነግራችሁም፣ አዲስ ቡድን ነው፣ ቢያንስ ስድስት ሰባት ጨዋታ እስክታዩ ግምት አትጻፉ።

ስትጽፉ ሦስት ቁጥር ይበቃል። በመካከል «ይሆናል ብዬ የማስበው» ደረጃ፣ ከሱ በላይ «ሁሉም ከተሳካ»፣ ከሱ በታች «ዋናው ሰው ከተጎዳ»። ለምሳሌ አራተኛ፣ ሁለተኛ፣ ዘጠነኛ። ከጎኑ አንድ መስመር ምክንያት ጻፉ፣ አንድ መስመር ብቻ፣ ምክንያት ካጣችሁለት ያ ግምት አይደለም፣ ምኞት ነው፣ ሰርዙትና እንደገና አስቡ።

ከዚያ አስር ጨዋታ ሲያልቅ ደብተሩን ክፈቱ። ያኔ የምታዩት ደረጃ ሰንጠረዡን ብቻ አይሁን፣ ነጥብ ይዋሻል፣ የጎል ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ እውነቱን ያወጣል። የዩናይትድ ደጋፊ ወንድሞቼ ይሄን ልብ በሉልኝ። በ2022/23 ሦስተኛ ሆናችሁ በ75 ነጥብ ጨረሳችሁ፣ ያገባችሁት 58 የገባባችሁ 43፣ ፕላስ 15። ደስ ይላል፣ ግን ለሦስተኛ ቡድን ትንሽ ነው። በቀጣዩ ዓመት 60 ነጥብ ይዛችሁ ስምንተኛ፣ 57 አግብታችሁ 58 ገብቶባችሁ፣ ማይነስ 1። ያኔ ሁሉም ስለ ኤፍኤ ካፑ ነበር የሚያወራው፣ ሲቲን አሸንፎ ዋንጫ መብላት እውነትም ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አይቀማችሁም። ግን ያንን ማይነስ 1 ያየ ሰው በ2024/25 ቡድኑ በ42 ነጥብ 15ኛ ሲሆን ያመዋል እንጂ አይደነግጥም። ቁጥሩ ከዓመት በፊት ተናግሮ ነበር።

ለዋንጫ የምትፎካከሩ ከሆነ ደሞ የነጥብ ሂሳቡን ያዙ። ከ2020/21 እስከ 2024/25 ባሉት አምስት ሲዝኖች የእንግሊዝ ሻምፒዮን ዝቅተኛው 84 ከፍተኛው 93 ነጥብ ነበረው፣ ያ ማለት በጨዋታ ከ2.2 ነጥብ በላይ፣ ማለትም በአስር ጨዋታ ቢያንስ 22 ነጥብ። 17 ይዛችሁ «ገና ነው» ማለት ትችላላችሁ፣ እውነትም ገና ነው፣ ግን 84 ለመድረስ ከዚያ በኋላ ባሉት 28 ጨዋታዎች 67 ነጥብ መሰብሰብ አለባችሁ፣ ይሄ በጨዋታ 2.4 ገደማ ነው። ሂሳቡ ይሄን ካሳያችሁ መካከለኛውን ቁጥር ዝቅ አድርጉት። ተስፋውን ግን ማንም ዝቅ አድርጉ አላላችሁም። ደሞ አንዳንዴ ሁሉንም ነገር በትክክል ሰርቶ ማጣት አለ፣ ሊቨርፑል በ2018/19 97 ነጥብ ይዞ ሁለተኛ ነው የወጣው፣ ያ ቡድን ደካማ ነበር የሚል ሰው ካለ እኔ አልሰማውም።

የአርሰናል ደጋፊ ስለ 2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሲነሳ ፊቱ ይለዋወጣል፣ ግን መማሪያ የሚሆን ነገር ስላለው ላንሳው። ቡድኑ በዚያ ሲዝን 248 ቀን ሊጉን መርቶ ዋንጫውን አላገኘም። የሚነገረው «ወኔ አጡ» ነው። እስቲ በቅደም ተከተል እንየው። መጋቢት ላይ ከስፖርቲንግ ጋር በዩሮፓ ሊግ ጨዋታ የመሀል ተከላካዩ ሳሊባ ተጎዳና ከዚያ በኋላ በሲዝኑ አልተመለሰም። ሚያዝያ 1 በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ 2 ለ 0 እየመሩ 2 ለ 2። ሚያዝያ 8 ደሞ የፋሲካ ዕለት፣ ከቀኑ አስር ሰዓት፣ ሰው ዶሮውን በልቶ ጠላውን ይዞ ቁጭ ባለበት፣ ዌስትሃም ላይ በአስር ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0፣ ከዚያ 2 ለ 1 ሆኖ ሳካ ፔናሊቲ ሳተ፣ ብዙም ሳይቆይ የዌስትሃሙ ቦውን አቻ አደረገ። ቀጥሎ በሜዳቸው ከመጨረሻው ሳውዝሃምፕተን ጋር 3 ለ 3። ከዚያ በሲቲ ሜዳ ኢትሃድ ላይ 4 ለ 1 ተሸነፉ። በነዚህ አራት ጨዋታዎች 11 ጎል ነው የገባባቸው። ወኔ ነው ወይስ የመሀል ተከላካይ? መልሱ ደብተራችሁ ላይ «ዋናው ሰው ከተጎዳ» ብላችሁ የጻፋችሁት ሦስተኛው ቁጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ በየሲዝኑ መጀመሪያ ይሄን ጥያቄ ጠይቁ፣ ዋናው ተከላካይ ቢወድቅ ማነው የሚገባው፣ አጥቂው ቢወድቅስ? ስሙን ለመናገር ካመነታችሁ ወይም ስታነሱት ፊታችሁ ከጨለመ ሦስተኛውን ቁጥር ሁለት ሦስት ደረጃ ወደታች አውርዱት።

የዝውውር ወሬ ላይ ብዙ አልቆይም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ፣ ቴሌግራም ላይ በየቀኑ አዲስ አጥቂ ይመጣል። ተጫዋቹ ማልያውን ይዞ ክለቡ ራሱ ፎቶ እስኪለጥፍ ድረስ ደብተር ውስጥ አይገባም፣ በቃ።

ጨዋታ ያለበት ቀን ላይ ያለኝ ምክር ከዚህ ሁሉ ይለያል። በጨዋታ ቀን ደብተሩን አትንኩት። እሱ ቀን የተስፋ ቀን ነው፣ ማልያውን ልበሱ፣ ዝፈኑ፣ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስም ጸልዩ፣ 85ኛው ደቂቃ ላይ 2 ለ 0 እየተመራችሁም «ገና አለ» በሉ፣ ስታዲየም ይሁን አግዳሚ ላይ ተጣቦ የተቀመጠ ሕዝብ የሚያምርበት ይሄ ነው፣ ባከነ ሰዓት ላይ ጎል ሲገባ የማያውቁትን ሰው ማቀፍ። ግምታችሁን ግን ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳችሁ እዩት፣ በድል ማግስትም በሽንፈት ማግስትም የተጻፈ ቁጥር አይረባም። አንድ ጨዋታ ብቻውን መካከለኛውን ቁጥር ሊቀይረው አይገባም፣ ትልቅ ጉዳት ወይም የአሰልጣኝ ለውጥ ካልተፈጠረ በቀር።

በገዛ ክለባችሁ ላይ ደሞ የቤቲንግ ቲኬት አትቁረጡ። ይሄን በጣም አጥብቄ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ከተሞቻችን ውስጥ ቤቲንግ ቤቱ ከዲኤስቲቪ ቤቱ አጠገብ ነው፣ የተማሪ ልጆች ብር እዚያ ነው የሚቀልጠው። ሂሳቡን ተመልከቱት፣ ክለባችሁ 1.50 ከተሰጠው፣ ማለትም ሲያሸንፍ ለአንድ ብር አንድ ብር ከሃምሳ የሚመለስላችሁ ከሆነ፣ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ማሸነፍ አለበት፣ ያውም ለማትረፍ ሳይሆን ብራችሁን ለመመለስ ብቻ። ከሁለቱ አንሶ ካሸነፈ ትከስራላችሁ። ደሞ ተስፋ ብር ሲገባበት ተስፋ መሆኑ ይቀራል፣ ቡድኑ 1 ለ 0 አሸንፎ እናንተ «ሁለት ጎል ነበር የያዝኩት» ብላችሁ ተበሳጭታችሁ ትወጣላችሁ፣ የገዛ ክለባችሁ አሸንፎ!

ልጆች ሲጠይቋችሁም መልሱን በሁለት ክፈሉት። አንድ ብላቴና አጠገባችሁ ተቀምጦ «ጋሼ፣ ዘንድሮ እንበላዋለን አይደል?» ካላችሁ «አዎ» ብላችሁ አትሸንግሉት፣ «ወግድ፣ እነዚህ!» ብላችሁም አታኮላሹት። «እኔ አራተኛ ነው የምገምተው፣ ልቤ ግን ዋንጫውን ይመኛል፣ አንተስ?» በሉትና ምክንያቱን ጠይቁት። ልጆች ከምትጠብቁት በላይ ያያሉ፣ የትኛው ተጫዋች ኳስ ሲቀማ ወደኋላ እንደማይመለስ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ሊጉ ከእጃችሁ ሲወጣ ደሞ ዋንጫዎቹን ለየብቻ ያዙ። ቶተንሃም በ2024/25 በ38 ነጥብ 17ኛ ሆኖ ነው ሊጉን የጨረሰው፣ ከመውረድ በላይ ባለው የመጨረሻ ቦታ፣ በዚያው ሲዝን ግን ቢልባኦ ላይ ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፎ ዩሮፓ ሊግን በላ፣ ከአውሮፓውያኑ 2008 ወዲህ የመጀመሪያ ዋንጫው። ጥሎ ማለፍ አምስት ስድስት ጥሩ ምሽት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ እዚያ ላይ ተስፋችሁን ከሊግ ግምታችሁ ከፍ ብታደርጉት ትክክል ናችሁ። ስለዚህ ለዋንጫ ውድድር የተለየ ገጽ ክፈቱ።

አምስት ጨዋታ ሲቀር ግምት መጻፍ አቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጋችሁ የነጥብ ልዩነቱ፣ የጎል ክፍያውና የቀሪ ተጋጣሚዎች ዝርዝር ነው፣ የራሳችሁም የተፎካካሪያችሁም፣ በተለይ ላለመውረድ የሚጫወት ቡድን ማን ላይ እንደሚመጣ እዩ፣ በመጨረሻው ሳምንት መሀል ሰፋሪ ከሆነ ቡድን ይልቅ ነፍሱን ለማትረፍ የሚሮጥ ነው የሚያስቸግረው።